አራት ዲስክ በአንድ ቀንበር

ደግሰው ፊደል የቆጠረው እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ስሙን ይጽፋል። ከስሙ የሚያልፈውን ቀስ እያለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል፤ ሰው ካየው ያቆማል። ካሜራ ሲይዝ ግን ሌላ ሰው ነው። በዋግ ምድር ሠርግ ካለ ደግሰው አለ። መኪና በሚገባበት በመኪና፣ በማይገባበት ካሜራውን በነጠላ ጠቅልሎ በበቅሎ፣ በቅሎ ከጠፋም በእግሩ። ፃግብጂ ሄዷል፣ አበርገሌ ወርዷል፣ ሰሃላ ተሻግሯል። ሰቆጣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ ሲወጡ ያለችው፣ በሯ ሰማያዊ የሆነ ጠባብ ሱቅ የእሱ ናት።

የቀረጸውን ሁሉ የሚያስቀምጠው በአራት ሃርድ ዲስክ ነበር። ሃርድ ዲስክ ላላየው ሰው፣ የዳዊት መጽሐፍ የምታክል የብረት ቁራጭ ናት። ሆዷ ግን አይሞላም፤ ስንት ሠርግ፣ ስንት ጭፈራ ትውጣለች። ደግሰው በላያቸው ላይ ጽሑፍ መለጠፍ አልሆነለትም። ስለዚህ ክር አሰረባቸው። የከተማው ሠርግ ቀይ ክር፣ የሰሃላና የፃግብጂው አረንጓዴ፣ የአበርገሌው ጥቁር፣ የታቦቱ ንግሥና የተዝካሩ ነጭ። ክሩን ሚስቱ ምሕረት ናት ከጥልፏ ቆርጣ የሰጠችው።

ጦርነቱ የመጣ ጊዜ ሰው ልጁን፣ ከብቱን፣ እህሉን ሲያሸሽ ደግሰው ዲስኮቹን አሸሸ። ቀይዋን ከማሽላ ጎተራ ውስጥ ቀበራት። አረንጓዴዋን የምሕረት እህት በአንቀልባ ከልጇ ጋር አዝላ ፃግብጂ ወሰደቻት። ጥቁሯን አንድ የበግ ነጋዴ ዘመዱ ይዟት ተሰደደ። ነጯን የደብሩ ቄስ ደበቁለት፤ የት እንደደበቋት እስከ ዛሬ አልተናገሩም። ሱቁ ተሰብሮ ካሜራውም ቴሌቪዥኑም ሄደ። አገር ሲረጋጋ ግን አራቱም ዲስኮች ከአራት ማዕዘን ተሰብስበው መጡ። የቀይዋ ክር ውስጥ የማሽላ ገለባ ተሰክቶ ነበር እንጂ አንዷም አልተነካችም። ሰው ሱቁ ድረስ እየመጣ የሞተውን ዘመዱን፣ የተሰደደውን ወንድሙን አሳየኝ ይለው ጀመር። ደግሰውም ተበድሮ ካሜራና ቴሌቪዥን ገዝቶ ያሳያል። የሚያለቅስ ያለቅሳል፤ የሚመርቅ ይመርቀዋል።

ችግሩ ፍለጋው ነበር። አንዱ ባላገር «የእህቴን ሠርግ» ብሎ ይመጣል። እህትየው ከፃግብጂ ሰቆጣ የተዳረች ከሆነ ሠርጉ አረንጓዴ ላይ ይሁን ቀይ ላይ ደግሰው ይጠፋዋል። አንዷን ይሰካል፣ ይነቅላል፣ ሌላዋን ይሰካል።

«አንተ ሰው፣ አንድ ቦታ ብትሰበስባቸው ምናለ?» አለችው ምሕረት አንድ ቀን። «ሰው በመጣ ቁጥር እንደ ጠንቋይ ክር ስትቆጥር ትውላለህ።»

በግቢያቸው አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ጸሐዩ የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ኮምፒውተር የሚያውቅ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። ይህን ሰምቶ ሳቀና፣ «ጋሼ፣ ይህማ መፍትሔ አለው» አለ። «አራቱን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብተን እንደ አንድ ትልቅ ዲስክ እናደርጋቸዋለን። ሰርቨር ይባላል። ቤት ይቀመጣል። እርስዎ ሱቅም ሆነ ቤት ሆነው በስልክዎ ይከፍቱታል። ማንበብም አያስፈልግም፤ የሠርጉ ሁሉ ምስል ትንንሽ ሆኖ ይደረደርልዎታል።»

«ማንበብ አያስፈልግም» የሚለው የደግሰውን ልብ ወሰደው።

ሱቁና ቤቱ በአንድ ግቢ ስለሆኑ ነገሩ ቀለለ። አሮጌው ኮምፒውተር ተገዛ። ጸሐዩ ከጓደኛው አንድ ትልቅ ዲስክ ተውሶ መጣ። ዲስኮች ሲዋሃዱ ሆዳቸው ይታጠባል፤ ስለዚህ በፊት ያለውን ሌላ ቦታ ማቆየት ያስፈልጋል። ሁሉንም በተዋሱት ላይ ገለበጡ። ከዚያ ጸሐዩ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አንስቶ ወደ ደግሰው ዞረ።

«አሁን ጋሼ፣ ሁለት መንገድ አለ፤ የሚመርጡት እርስዎ ነዎት። አንደኛው፣ የአንዱን ዲስክ ያህል ቦታ ለመጠባበቂያ እንተወዋለን። ለእርስዎ ፊልም አይሆንም፤ ይቀመጣል። ግን አንዱ ዲስክ የሞተ ቀን ሌሎቹ እሱን ይተካሉ፤ አንድም ሠርግ አይጠፋም። ሁለተኛው፣ አራቱንም እንጭናቸዋለን። ቦታው ይሰፋል። ፊልሙ ተቆራርጦ በአራቱም ላይ ይዘራል፤ ሲከፍቱት ፈጣን ነው። ግን አንዱ ከሞተ...»

ደግሰው የመጨረሻዋን አልሰማትም። ልቡ «ይቀመጣል» የምትለው ላይ ቀርቶ ነበር።

አባቱ ባለ አንድ በሬ ገበሬ ነበሩ። በዋግ ምድር ባለ አንድ በሬ ብዙ ነው። አንዱ ከአንዱ ጋር መቀናጆ ይገባል፤ ሁለቱን በሬ በአንድ ቀንበር ጠምደው ዛሬ የአንተን፣ ነገ የእኔን እያሉ ያርሳሉ። ሣር እየበላ፣ ውሃ እየጠጣ፣ ሌላው ሲያርስ በረት ውስጥ የሚቆም በሬ ማን አለው? ቢኖረውስ ጎረቤት ምን ይለዋል?

«ቆሞ የሚበላ በሬ ነው የምትለኝ» አለ ደግሰው።

«አይ ጋሼ፣ ለክፉ ቀን ነው።»

«ክፉ ቀኑንማ አየነው፤ አለፈ። ጥመዳቸው አራቱንም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል?»

ጸሐዩ ወደ ቁልፎቹ ተመለሰ። የሰው ቤት ነው፤ የሰው ዕቃ ነው፤ ደግሞም የሚያከብረው ትልቅ ሰው። ጠመዳቸው። ደግሰው ክሮቹን እንዳይፈታ ለመነው። አራቱም ክራቸውን እንዳሰሩ ገቡ። ፊልሙ ሁሉ ተመልሶ ገባ፤ የውሰቱ ዲስክም ለባለቤቱ ተመለሰ፤ ባለቤቱም አጥፍቶ የራሱን ሥራ ጻፈበት።

እንግዲህ የደግሰው ደግ ዘመን ያ ነበር። ስልኩን በጣቱ ይነካል፤ ሙሽሮች ከተሰለፉበት ይመጣሉ። ሱቁ ፊት ለፊት ሻይ የሚያፈላው ጌታሰው እንኳ፣ አፉ ጠማማ የሆነው ሰውዬ፣ «አሁንስ ደግሰው ባለ ጥማድ ሆነ! ብረቶችህ ገብስ ነው የሚበሉት ወይስ ጭድ?» ይለዋል። «መብራት ይበላሉ» ይላል ደግሰው። «እንግዲያማ ሰቆጣ ላይ ረሃብ ሊገድላቸው ነዋ» ብሎ ጌታሰው ይስቃል፤ መንገደኛውም አብሮ ይስቃል።

የመብራቱ ነገር ቀልድ አይደለም። ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ሲመጣም እንደ ጎርፍ ነው። ጸሐዩ ወደ ደብረ ታቦር ተዛውሮ ከሄደ በኋላ አንድ ጠዋት መብራት መጣ። ደግሰው የኮምፒውተሩን ድምፅ ሰማ። ድምፁን ያውቀዋል፤ እንደሚያመሰኳ ከብት ዝም ብሎ የሚያጉረመርም ነበር። ያን ቀን ግን ከውስጡ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ስልኩን ነካ። ሙሽሮቹ የሉም። የስልኩ ገጽ ነጭ ነው፤ መሐሉ ላይ አንድ ቀይ ምልክትና ሊያነበው ያልቻለው ጽሑፍ አለ።

ክዳኑን ከፍቶ በየተራ በእጁ ነካቸው። ቀጭ የምትለው ቀይዋ ክር ናት። ከጎተራው የወጣችው።

ለጸሐዩ ደወለ።

«ሦስቱ ደህና ናቸው እኮ!» አለው። «አንዷ ብቻ ናት የታመመችው። የሦስቱን አውጣልኝ፤ የቀይዋ ይቅር።»

«ጋሼ... ሦስቱ ደህና ናቸው። ግን እያንዳንዱ ፊልም በአራቱም ላይ ተቆራርጦ ነው ያለው። ዳዊት ያስቡ። ከእያንዳንዱ ቃል አንዳንድ ፊደል ቢነቀል ማን ያነበዋል?»

ደግሰው ሙሉውንም ዳዊት ማንበብ እንደማይችል አልነገረውም።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ምንም አይንኩ። አራቱንም አንድ ላይ ያቆዩ። የሞተችዋን በተለይ እንዳይጥሏት። አዲስ አበባ እንዲህ ያለውን የሚከፍቱ አሉ ይባላል፤ አይቻቸው አላውቅም። መንገዱ ሲከፈት ይዘው ይሄዱ ይሆናል። ይሆናል ነው የምልዎት ጋሼ።» ቀጥሎ ድምፁ ዝቅ አለ። «ያን ጊዜ ጠበቅ አድርጌ መናገር ነበረብኝ።»

«አንተማ ተናግረህ ነበር» አለ ደግሰው።

ለማንም አልተናገረም። ሰው ሲመጣ «መብራት የለም» ይላል። እውነትም ብዙ ጊዜ አይኖርም። ሲኖርም «ኔትወርኩ ነው» ይላል፤ ሰው ኔትወርክ ሲባል አይከራከርም። ምሕረት ግን ባሏ ፊቱን ታጥቦ ፎጣ ሳይነካ ሲቆም አይታ ገባት፤ አልጠየቀችውም። እሱ መንገዱ እስኪከፈት ይጠብቃል። መንገዱ ይከፈታል ይባላል፤ ደግሞ ተዘጋ ይባላል።

በዚህ መካከል ነው ወይዘሮ ጥሩሐረግ ከሰሃላ የመጡት።

ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ጥቁር ለብሰዋል፤ እግራቸው እስከ ባታቸው አቧራ ነው። አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው፤ ቃል ሲጠፋቸው በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣንጋ ለራሳቸው ይሉትና ወደ አማርኛ ያመጡታል። ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመው፣ «ካሜራ ያዡ ደግሰው አንተ ነህ?» አሉ።

«አዎ እናቴ። ይግቡ፣ አረፍ ይበሉ።»

«መልሰው የሚባል ልጅ ታውቃለህ? የወንድሜ ልጅ ሲዳር ሚዜ የነበረ። አንተ ነህ የቀረጽኸው። ሲጨፍር ሰው ሁሉ ከቦት ነበር አሉ።»

ደግሰው ሠርጉን አስታወሰ። ገደል አፋፍ ላይ ያለ መንደር ነው፤ ካሜራውን ጭና የመጣችው በቅሎ እንኳ አልሄድም ብላ ነበር።

«ልጄ ነው» አሉ ሴትዮዋ። «ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ቆላ ወረደ። እዚያው ንዳድ ያዘው። እዚያው ቀበሩት። መርዶው ሲደርሰኝ አፈሩ ደርቋል። ልብሱንም አላመጡልኝም፤ አብረውት የነበሩት ተበተኑ። አሁን ለቅሶው ሊወጣ ነው። ታውቀዋለህ የኛን አገር፤ አስከሬኑ ያልመጣ ሰው ሲለቀስለት አልጋ ይዘረጋል፣ የሱ የሆነው ሁሉ ይደረደርበታል። ምን ላድርግበት አልጋው ላይ? አንድ አሮጌ ጋቢና አንድ ዱላ አለኝ። ፎቶ ተነስቶ አያውቅም። አንተ ዘንድ አለ አሉኝ። አውጣና በወረቀት አድርግልኝ። እስቲ መጀመሪያ ልየው። ድምፁም አለ ይላሉ፤ ልስማው።»

«መብራት የለም እናቴ» አለ ደግሰው። ያን ሰዓት እውነት አልነበረም።

«እጠብቃለሁ።»

«ሊቆይ ይችላል።»

«ከሰሃላ የመጣሁት መብራት አለ ብዬ ነው እንዴ? አንተ አለህ ብዬ ነው።»

ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን የሽምብራ ቆሎ ፈቱና መጀመሪያ ለእሱ ዘገኑለት። እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ተቀበለ። አፉ ውስጥ አልላላለትም። ዲስኮቹ ከግድግዳው ወዲያ ናቸው። ሴትዮዋ መንገድ መንገዱን ያያሉ፤ ደግሰው የሴትዮዋን ጀርባ ያያል። ይሄዳሉ ብሎ ጠበቀ፤ አልሄዱም። ጌታሰው ሻይ ላከላቸው። ፀሐይ ዞራ ደጃፉን ለቀቀች።

ድንገት ከሻይ ቤቱ «መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ፤ በሱቁ ጣሪያ ያለችው አምፖልም በራች። ለነገሩ ሲነጋገሩም በርታ ነበር፤ ሴትዮዋ ከደጅ ፀሐይ ላይ ሆነው አላዩአትም፤ መብራቱ የሄደው ከዚያ ወዲህ ነው። ደግሰው የዋሸው ውሸት እውነት ሆኖለት ነበር፤ አሁን ግን ከዳው።

ወይዘሮ ጥሩሐረግ ወደ ላይ አምፖሏን አዩ፤ ከዚያ እሱን።

«መጣልህ» አሉ።

ከግድግዳው ወዲያ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ።

ደግሰው ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ። «እናቴ» አለ፤ «ልጅዎ ጠፋብኝ።»

«ጠፋ ማለት?»

«ፊልሙ... ጠፋ።»

«ማን ወሰደው?»

«ማንም አልወሰደውም። እዚሁ ቤት ነው ያለው። ግን አይወጣም።»

«እዚሁ ካለማ ክፈትለት!»

ወደ ጓዳ ይዟቸው ገባ። የኮምፒውተሩን ክዳን ከፍቶ አሳያቸው። ሰውን በብረት ፊት አቁሞ ብረቱን ማስረዳት አስቸጋሪ ነው፤ እሱም ቃል አልነበረውም። ክሮቹን እየነካ ነገራቸው። በፊት የሰሃላ ሠርግ አረንጓዴዋ ውስጥ ነበር። አረንጓዴዋ ዛሬም ደህና ናት። ግን አራቱን አንድ ላይ ጠመዳቸው። አንዱን ለመጠባበቂያ ተው ሲባል እምቢ አለ። አሁን ቀይዋ ሞተች። ልጁ ከአራቱም ላይ አለ፤ ከአንዷም ላይ የለም።

ሴትዮዋ ክሮቹን አንድ በአንድ አዩ። እሱ እርግማን ጠበቀ። እርግማን ቢመጣ ይሻለው ነበር።

«በጦርነቱ ጊዜ የት ነበሩ እነዚህ?» አሉ።

«ተበትነው ነበር። አንዷ ጎተራ፣ አንዷ ፃግብጂ...»

«ተበትነው ዳኑ፤ ተሰብስበው ሞቱ» አሉ፤ ለእሱ ሳይሆን ለራሳቸው። ከዚያ ፊታቸውን አዞሩ። «አንተስ? በዓይንህ አይተኸዋል አይደል? ምን ለብሶ ነበር?»

ደግሰው ዓይኑን ጨፈነ። ገደሉ መጣለት፣ በቅሎዋ መጣችለት፣ የካሜራው ባትሪ ሊያልቅ ሲል የደነገጠው ድንጋጤ መጣለት። የሙሽራዋ ዓይን መጣለት። ሚዜውን ፈለገው። ከበሮ አለ፣ አቧራ አለ፣ እጅ አለ፤ ፊት የለም። በዚያ በካሜራው መስኮት ስንት ሺህ ፊት አልፏል፤ ይዟቸው የኖረው ግን ብረቱ ነበር። እሱ ለማስታወስ ሞክሮ አያውቅም፤ ምን ቸግሮት?

«ነጭ» አለ። «ነጭ ነበር የለበሰው።»

ወይዘሮ ጥሩሐረግ ፈገግ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። «ሠርግ ላይ ነጭ ያልለበሰ ማን አለ ልጄ?»

ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብለው ቀይዋን ክር በጣታቸው ነኩ።

«የሞተችው ይቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ስጠኝ።»

«እናቴ፣ አይሆንም... አራቱ መለያየት የለባቸውም። አዲስ አበባ የሚከፍቱ ሰዎች አሉ ይባላል። መንገዱ ሲከፈት...»

«መቼ ይከፈታል?»

ደግሰው የኮምፒውተሩን ክዳን አነሳና መልሶ አስቀመጠው።

«ለቅሶው ሊወጣ ነው። መንገዱን አይጠብቅም» አሉ። «ደህናዎቹን ላንተ ለሥራህ ተውኳቸው። የሞተችውን ስጠኝ፤ አልጋው ላይ ላስቀምጣት። ልጄ ውስጧ አለ አላልህም?»

ቁራጩ ነው ያለው፤ ከአራት አንዱ፤ እሱም እንደ ገለባ የደቀቀ። ደግሰው ይህን ሊል አፉን ከፈተ። ሴትዮዋ መዳፋቸውን ዘርግተው ቆመዋል። አፉን ዘጋ። ቀይዋን ነቅሎ ሲያወጣት ገና ትሞቅ ነበር። ቀጭ ቀጭታው ቆመ። የዋግን ሠርግ ሁሉ፣ የሰውን ሁሉ ሙሽራና ሙት ተስፋ በዚያች ሰዓት እንደነቀለው ያውቃል። ምሕረት ከበሩ ቆማ ታያለች፤ «ተው» አላለችውም። ሄዳ ንጹሕ ጨርቅ አመጣችና ጠቀለለችላቸው።

በለቅሶው ቀን ደግሰው ሰሃላ ሄደ። ካሜራውን ትቶ ነው የሄደው። በልጁ ቤት ደጅ አልጋ ተዘርግቷል። አሮጌ ጋቢ፣ ዱላ፣ ከራስጌው በኩል ደግሞ ቀይ ክር ያሰረች የብረት ቁራጭ። የማያውቅ ሰው እየቀረበ ያያታል። ከአጠገቡ የቆሙ ሽማግሌ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፣ «ምንድን ናት አንተ?» አሉት።

«ሃርድ ዲስክ ናት አባቴ።»

«ትናገራለች?»

«ድሮ ትናገር ነበር። አሁን አትናገርም።»

«ኧረ እንዲያ በል» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደ ማንኛውም ሟች ቆጠሯት።

አልቃሿ ተነሳች። የልጁን ቁመት አነሳች፣ ጭፈራውን አነሳች፣ ቆላውን ረገመች። ከዚያ አልጋውን ዞራ ከራስጌው ቆመችና፣

«ሰው ሲሞት አፈር ነው የሚለብሰው፣
ብረት ውስጥ ማን ከተተህ ልጄ መልሰው?»

ሕዝቡ «ዋይ! ዋይ!» አለ። ወይዘሮ ጥሩሐረግ ከሴቶቹ መካከል ሆነው ደረታቸውን ይመታሉ። አንድ ጊዜ ቀና ብለው በሰው ትከሻ መካከል ደግሰውን አዩት። ለማንም አልጠቆሙትም። አልቃሿ ያንኑ ግጥም ደገመችው፤ ወንዶቹም ሴቶቹም እየተቀበሏት ከአልጋው ዙሪያ መዞር ጀመሩ።

የደግሰው እጅ በልማድ ወደ ትከሻው ሄደ፤ የካሜራውን ማሰሪያ ፈለገ። የለም። እጁን የሚያደርግበት አጣ። የሚያልፈውን ፊት ሁሉ አንድ በአንድ ሊይዝ ዓይኑን አፈጠጠ። የሽማግሌውን፣ የአልቃሿን፣ የእናቲቱን። አንዱን ያዝሁ ሲል ሌላው ከፊቱ ያልፋል፤ ዓይኑም በእንባ ስለተሞላ ብዙም አልያዘለትም።